የዋይፋይ ድራይቨር ሊኑክስ ላይ ሲያረጅ፦ ከርነል ላድስ፣ ፈርምዌር ልጨምር፣ ከውጭ ድራይቨር ልጫን ወይስ ካርዱን ልቀይር?

ሊኑክስ ላይ ዋይፋይ እምቢ ሲል ብዙ ሰው ቀጥታ የሚሮጠው ወደ አምራቹ ድረ ገጽ ነው። «ድራይቨር» የሚል ፋይል ይፈልጋል፣ ያወርዳል፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። ልማዱ ከዊንዶውስ የመጣ ነው። ሊኑክስ ላይ ግን የዋይፋይ ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሚጫን ነገር አይደለም። የከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሰው የሊኑክስ እምብርት፣ አካል ነው፤ ከከርነሉ ጋር ይመጣል፣ ከከርነሉ ጋር ይታደሳል። ስለዚህ «ድራይቨሬ አርጅቷል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያረጀበት ከርነሉ ነው። ወይም ድራይቨሩ ደህና ሆኖ ፈርምዌር የሚባለው ፋይል ጎድሎበታል።

መፍትሔው አንድ አይደለም። አራት አምስት መንገድ አለ፣ ሁሉም ለሆነ ሰው ትክክል ነው። እኔ የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ዛሬ ካደረግኩ፣ ቀጣዩ የከርነል ዝመና ሲመጣ እንደገና ቁጭ ብዬ ልሠራው ነው? መልሱ «አዎ» ከሆነ ያ መንገድ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ዛሬ በደቂቃዎች የሚያልቅ ቢሆን እንኳ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትእዛዞቹንና የፓኬጅ ስሞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የምታስገቧቸው።

መጀመሪያ ቺፑ ይታወቅ

ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ምንም አይነግራችሁም። አንድ አምራች ያንኑ የሞዴል ስም ይዞ ውስጡ ያለውን ቺፕ ሊቀይር ይችላል፣ ደግሞም ይቀይራል። ታዋቂው ምሳሌ የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን ነው። የመጀመሪያው እትም ውስጥ የአቴሮስ ኤአር9271 ቺፕ ነበር፤ ይህ ሊኑክስ ላይ ሰክታችሁ የምትረሱት ዓይነት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እትም ግን የሪልቴክ ቺፕ ይዘው መጡ። ስሙም መልኩም ያው ነው፣ ሥራው ግን ሰማይና ምድር። ስለዚህ «ይህ ሞዴል ሊኑክስ ላይ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። መጠየቅ ያለበት ቺፑ ነው።

ካርዱ ላፕቶፑ ውስጥ ያለ ከሆነ «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ሰረዝ ኤንኤንኬ» ጋር ስጡ። የኔትወርክ ካርዱን መስመር ፈልጉ። እዚያ በቅንፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተለያዩ አራት አራት ምልክቶች ታያላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ አምራቹ ናቸው። 8086 ኢንቴል ነው፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 168ሲ አቴሮስ። ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ካለ ድራይቨር ይዞታል ማለት ነው። መስመሩ ከሌለ ከርነሉ ካርዱን ያየዋል፣ ምን እንደሚያደርገው ግን አያውቅም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፣ ልብ በሉት።

በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ትእዛዙ «ኤልኤስዩኤስቢ» ነው። ቁጥሩን እዚያም ታገኛላችሁ። አንዳንድ የዩኤስቢ አዳፕተር ሲሰካ መጀመሪያ ራሱን እንደ ሲዲ አድርጎ ያቀርባል፤ ውስጡ የዊንዶውስ ድራይቨር ስላለ ነው። ሪልቴኮቹ ላይ ይህ 0ቢዲኤ፣ ሁለት ነጥብ፣ 1ኤ2ቢ በሚል ቁጥር ይታያል። ይህን ካያችሁ የድራይቨር ጉዳይ ገና አልተጀመረም። «ዩኤስቢ-ሞድስዊች» የሚባለው ፓኬጅ መኖሩን አረጋግጡ፣ ወይም ያንን የውሸት ሲዲ ኢጀክት አድርጉትና ቁጥሩ መቀየሩን እዩ።

ቀጥሎ የከርነሉን ሎግ አንብቡ። «ዲሜስግ» የሚለው ትእዛዝ ነው የሚያሳየው። «ፈርምዌር» የሚል ቃል ፈልጉበት። ፈርምዌሩን መጫን አልተቻለም ብሎ መጨረሻው ላይ «ኤረር ሲቀነስ 2» ካለ ፋይሉን አጣሁት ማለቱ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ፦ የኢንቴል ድራይቨር ከሚያውቀው ከፍተኛ የፈርምዌር ቁጥር ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ተከታታይ የስህተት መስመሮች ታዩና በመጨረሻ «ሎድድ ፈርምዌር ቨርዥን» የሚል ይመጣል። ያ መስመር ከመጣ ከላይ ያሉትን እርሷቸው። ችግራችሁ እነሱ አይደሉም።

ወደ ምርጫው ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ብቻ አጣሩ። አንደኛ «አርኤፍኪል ሊስት» ብላችሁ ዋይፋዩ ተዘግቶ እንዳይሆን እዩ። ሶፍት ብሎክ ከሆነ በትእዛዝ ይከፈታል፤ ሃርድ ብሎክ ከሆነ ላፕቶፑ ላይ ያለ ማብሪያ ወይም የኪቦርድ ቁልፍ ነው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስና ሊኑክስን ጎን ለጎን የምትጠቀሙ ከሆነ የዊንዶውሱን «ፋስት ስታርትአፕ» አጥፉት። ዊንዶውስ በዚያ ሁኔታ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ካርዱን እንደያዘው ሊሄድ ይችላል፣ ሊኑክስ ሲነሳም ካርዱ መልስ አይሰጥም። በዚህ ምክንያት ስንቱ ሰው ድራይቨር ሲቀያይር እንደሚውል!

የሙከራዎች ሁሉ አለቃ

ከሁሉም በፊት አንድ ሙከራ ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህ ይሁን፦ አዲስ የወጣ ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ዓይነት) ፍላሽ ላይ ጻፉና ኮምፒውተሩ ላይ ሳትጭኑት በቀጥታ ከፍላሹ አስነሱት። ፌዶራም ይሁን አዲሱ ኡቡንቱ ለውጥ የለውም፤ ዋናው ከርነሉ አዲስ መሆኑ ነው። እዚያ ዋይፋዩ ከሠራ መልሱ ተገኘ። ካርዳችሁ ደህና ነው፣ ሊኑክስም ያውቀዋል፣ ያረጀው እናንተ ጋ ያለው ከርነል ወይም ፈርምዌር ነው። እዚያም ካልሠራ ግን ከርነል ማደስ ላይ ጊዜ አታጥፉ። የሚቀረው ከውጭ የሚመጣ ድራይቨር ወይም ሌላ ካርድ ነው።

ይህ ሙከራ ኮምፒውተራችሁ ላይ አንድም ነገር አይነካም። ግማሹን ምርጫ በአንድ ጊዜ ያስወግድላችኋል። ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

ዋይፋይ በሌለበት ይህን ሁሉ በምን ላውርደው ለሚል፦ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰኩና ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የዩኤስቢ ቴተሪንግን አብሩ። ሊኑክስ እንደ ገመድ ኢንተርኔት ነው የሚያየው። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ራሱ ስልኩ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ያንኑ በገመዱ ያስተላልፋል፣ የሞባይል ዳታም አይበላም።

ከርነሉን ማደስ

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው፣ በሰፊ ልዩነት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ከገባ በኋላ እናንተ ስለሱ ማሰብ ታቆማላችሁ። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር አብሮ ይታደሳል፣ የሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተፈረመ ኮድ የሚከለክለው መቆጣጠሪያ) ፊርማውም በዲስትሮው በኩል ያልቃል።

ጥያቄው ቺፓችሁ የትኛው ከርነል ላይ ገባ የሚለው ነው። የእናንተን ከርነል «ዩኔም ሰረዝ አር» ይነግራችኋል። ኢንቴል ኤኤክስ200 ከ5.1 ጀምሮ ነው የሚሠራው፣ ኤኤክስ210 ከ5.10፣ ቢኢ200 ደግሞ ከ6.5። የሚዲያቴኩ ኤምቲ7921 በላፕቶፕ ካርድነቱ 5.12 ላይ ገባ፣ የዩኤስቢው ወንድሙ 5.18 ላይ፤ ኤምቲ7925 የመጣው በ6.7 ነው። ሪልቴክ ጋ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይበታተናል፦ አርቲደብሊው88 የሚባለው ድራይቨር በ5.2 ለላፕቶፕ ካርዶች ተጀመረ፣ የዩኤስቢ ድጋፍ ያገኘው ግን 6.2 ላይ ነው። አርቲደብሊው89 በ5.16 ገባ፤ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ያለው 8852ቢኢ ግን እስከ 6.2 መጠበቅ ነበረበት። በዩኤስቢ አዳፕተሮች ውስጥ እንደ አሸዋ የበዙት 8812ኤዩና 8821ኤዩ ከርነሉ ውስጥ የገቡት በ6.13 ነው። ለዓመታት ሰው ከውጭ እያመጣ ሲጭናቸው ነበር።

አሁን ዲስትሮአችሁን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ 5.15 ይዞ ነበር። «ኤችደብሊውኢ» የሚባለው የከርነል መስመር ግን እዚያው 22.04 ላይ እያላችሁ እስከ 6.8 ያደርሳችኋል። ፓኬጁ «ሊኑክስ-ጄነሪክ-ኤችደብሊውኢ-22.04» ይባላል። ዴስክቶፕ የጫነ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ይዞታል፣ ሰርቨር የጫነ ግን ራሱ ካልጠየቀ አያገኘውም። 24.04 መነሻው 6.8 ነው፣ ለሱም የራሱ ኤችደብሊውኢ አለው። ሚንት የቆመው ኡቡንቱ ላይ ስለሆነ በአፕዴት ማናጀሩ ውስጥ ከርነል የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ ተርሚናል ለማይወድ ሰው ከዚህ የቀለለ አላየሁም።

ዴቢያን 12 ከርነሉ 6.1 ነው፣ ዴቢያን 13 ደግሞ 6.12። ዴቢያን 12 ላይ መቆየት የፈለገ ሰው «ባክፖርትስ» የሚባለውን ማከማቻ ጨምሮ አዲስ ከርነል ከዚያ መውሰድ ይችላል፣ ሌላው ሲስተም እንዳለ ይቀመጣል። ፌዶራና አርች ላይ ያላችሁ ይህን ክፍል ዝለሉት። ሲስተማችሁን ካደሳችሁ ከርነላችሁ አዲስ ነው። ሬድ ሃት ላይና ከሱ በተወለዱት ላይ ደግሞ የከርነሉ ቁጥር እንዳያታልላችሁ፤ ለምሳሌ የሬድ ሃት 9 ከርነል 5.14 ይላል፣ ውስጡ ግን ከዚያ በኋላ ከወጡ ከርነሎች የተመለሱ የዋይፋይ ድራይቨሮች አሉበት። እዚያ ቁጥሩን ሳይሆን «ሞድኢንፎ» ብላችሁ ድራይቨሩ መኖሩን ጠይቁ።

የሚፈራው ነገር «አዲሱ ከርነል ሌላ ነገር ቢያበላሽስ?» የሚለው ነው። ተገቢ ፍርሃት ነው፣ በተለይ የኤንቪዲያ ድራይቨር ለጫነ ሰው። ግን አሮጌው ከርነል አይጠፋም። ሲነሳ በሚመጣው ግሩብ ሜኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ አዲሱ ካልተስማማችሁ እሱን መርጣችሁ ትነሳላችሁ። ይህን ያህል ቀላል መመለሻ ያለው መንገድ ሌላ የለም።

ፈርምዌር ብቻ መጨመር

ድራይቨር ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራ ነው፤ ፈርምዌር ግን ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ካርዱ በነቃ ቁጥር ድራይቨሩ ከዲስክ አንስቶ ይጭንበታል። ድራይቨሩ አዲስ ሆኖ ፈርምዌሩ ከሌለ ካርዱ ድንጋይ ነው። «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚለው መስመር ኖሮ ዋይፋይ ግን ምንም ካላሳየ፣ ሎጉ ላይም «ሲቀነስ 2» ካለ፣ መንገዳችሁ ይህ ነው። ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነው። ከርነልም አይነካም።

ኡቡንቱ ላይ ሁሉም «ሊኑክስ-ፈርምዌር» በሚባል አንድ ፓኬጅ ተጠቃልሏል፣ ማደስ ብቻ ነው። ዴቢያን ተበታትኗል፦ «ፈርምዌር-አይደብሊውኤልዋይፋይ» ለኢንቴል፣ «ፈርምዌር-ሪልቴክ»፣ «ፈርምዌር-አቴሮስ» እያለ ይሄዳል። ከዴቢያን 12 ጀምሮ እነዚህ የተቀመጡበት ክፍል «ነን-ፍሪ-ፈርምዌር» የሚል የራሱ ስም አግኝቷል። ከ11 ወደ 12 አድጋችሁ የማከማቻ ዝርዝራችሁን ካላስተካከላችሁ ፈርምዌራችሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታደሰም ማለት ነው። ዝም ብሎ ነው የሚያረጀው። ማስጠንቀቂያውን ያነበበ ሰው ያውቃል፣ ያላነበበ ዋይፋዩ ሲቆራረጥ ያውቃል።

ፋይሉን በእጅ አውርዶ የፈርምዌር ማህደር ውስጥ መገልበጥም ይቻላል። ለጊዜው ይሠራል። ግን ሁለት ጣጣ አለው፦ አዳዲሶቹ ዲስትሮዎች ፋይሎቹን ጨምቀው ነው የሚያስቀምጡት፣ ስለዚህ አንድ ፋይል በሁለት መልክ ተቀምጦ የትኛው እንደሚነበብ ያደናግራል፤ ደግሞ ፓኬጁ ሲታደስ የገለበጣችሁት ሊደፈጠጥ ይችላል። ፓኬጁ ውስጥ ገና ያልገባ በጣም አዲስ ካርድ ካልሆነ በቀር አልመክርም።

ከውጭ የሚጫን ድራይቨር

ሰው ቶሎ የሚደርስበት መንገድ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣው «ይህን ከጊትሃብ አውርድና ኮምፓይል አድርግ» የሚል ምክር ነው፤ ጊትሃብ ሰዎች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ነው፣ ኮምፓይል ማድረግ ደግሞ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር። እኔ ከሚገባው በላይ የሚመከር ይመስለኛል። ግን አንዳንዴ ሌላ አማራጭ የለም፣ ስለዚህ በደንብ እንየው።

ሪልቴክ ለሊኑክስ ብሎ የሚለቀው ኮድ ለሆነ ከርነል ተጽፎ እዚያው የሚቀር ነው። የከርነሉ የውስጥ አሠራር ግን በየጊዜው ይቀየራል፣ ማንም ለውጭ ድራይቨር ብሎ አይጠብቅም። ኮዱን ተቀብለው ከአዲስ ከርነል ጋር እያስማሙ የሚይዙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሰውየው ሲሰለቸው ድራይቨሩም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ አንድ የጊትሃብ ማከማቻ ከመምረጣችሁ በፊት ኮከቡን አትቁጠሩ። የመጨረሻው ለውጥ መቼ እንደገባ፣ ገለጻው እስከ የትኛው ከርነል ድረስ እሠራለሁ እንደሚል፣ የሰው ቅሬታ መልስ እያገኘ መሆኑን እዩ። የተተወ ማከማቻ ያለው አዳፕተር ሌላ ካርድ የሚገዛለት አዳፕተር ነው።

ከጫናችሁ በ«ዲኬኤምኤስ» ጫኑ። ዲኬኤምኤስ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ድራይቨሩን በራሱ መልሶ የሚኮምፓይል መሣሪያ ነው። «ሜክ ኢንስቶል» ብቻ ብሎ የጫነ ሰው በቀጣዩ ዝመና ዋይፋይ አልባ ሆኖ ይነሳል። ዲኬኤምኤስ እንዲሠራ ግን ለኮምፓይሉ የሚያስፈልጉትን የከርነል ፋይሎች የያዘው «ሄደርስ» ፓኬጅ መኖር አለበት፣ አንዱን ስሪት ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚታደሰውን ጠቅላላ ፓኬጅ ነው የምትጭኑት። ያ ሆኖም ኮዱ ከአዲሱ ከርነል ጋር ካልተስማማ ኮምፓይሉ ይወድቃል። ዲኬኤምኤስ ተአምር አይሠራም።

ሌላው ጣጣ ሴኪዩር ቡት ነው። በርቶ ከሆነ ከርነሉ ያልተፈረመ ሞጁል (ድራይቨሩ የሚገባበት የከርነል ቁራጭ) አይቀበልም፣ «ኪ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ» ብሎ ይመልሰዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ድራይቨሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ኡቡንቱ ዲኬኤምኤስ ሲጫን የራሳችሁን ቁልፍ ፈጥሮ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል፤ ከዚያ ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ እዚያ «ኢንሮል ኤምኦኬ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ የይለፍ ቃል ማስገባት አለባችሁ። ያ ስክሪን ሰከንዶች ብቻ ነው የሚጠብቀው። ካመለጣችሁ ቁልፉ አልተመዘገበም፣ ከመጀመሪያው ነው። ሴኪዩር ቡትን ማጥፋትም ይቻላል፣ ግን ለአንድ የዋይፋይ አዳፕተር ብሎ የኮምፒውተሩን በር መክፈት አይጥመኝም።

ጥቅሙስ? አንዳንድ የውጭ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ካለው የተሻለ ፍጥነት ወይም የማሰራጫ ኃይል ይሰጣል። ሞኒተር ሞድ (በአየር ላይ ያለውን የዋይፋይ ትራፊክ ሁሉ ማዳመጥ) የሚፈልጉ ሰዎችም ይመርጡታል። በተቃራኒው ደግሞ የአምራቹ ኮድ ደብሊውፒኤ3 በሚባለው አዲሱ የዋይፋይ ጥበቃ ላይ ብዙ ጊዜ ይቸገራል።

አሁን ደግሞ ብዙ የማይነገር ነገር። ሊኑክስ ላይ በእውነት «ያረጀ ድራይቨር» የሚባለው ይህ ከውጭ የተጫነው ነው። ከዓመታት በፊት ከጊትሃብ ጭናችሁት ከሆነ፣ ዛሬ ከርነላችሁ የራሱን ድራይቨር አግኝቶ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ግን አሮጌውን ተሸክማችሁ ነው የምትሄዱት። አሮጌው በተጫነበት ቀን የከርነሉን ድራይቨር የሚያግድ ፋይል ሞድፕሮብ ማህደር ውስጥ ጥሎ ሊሆን ይችላል። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ብላችሁ እዩ። 6.13 ወይም ከዚያ በላይ ከርነል ላይ ሆናችሁ 8812ኤዩ በዲኬኤምኤስ ካለ አውጡት፣ የማገጃውን ፋይል ሰርዙ፣ ሪስታርት አድርጉና ከርነሉ ራሱ ሲይዘው እዩ። 8822ቢዩና 8821ሲዩ ያላችሁ ደግሞ ከ6.2 በላይ ከሆናችሁ ያንኑ ሞክሩ።

ብሮድኮም ለብቻው ይወራለት። የድሮ ላፕቶፖች፣ በተለይም የድሮ ማክቡኮች ውስጥ ይገኛል። «ደብሊውኤል» የሚባለው የድርጅቱ ዝግ ድራይቨር የመጨረሻ ስሪቱ የ2015 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዲስትሮዎቹ ናቸው እየጠጋገኑ እዚህ ያደረሱት። ሌላ አማራጭ ካለ፣ ማለትም ቢ43 ወይም ቢአርሲኤምኤፍማክ የሚባሉት የከርነል ድራይቨሮች ቺፓችሁን የሚደግፉ ከሆነ፣ ወደነሱ ሂዱ። ቢ43 የሚፈልገው ፈርምዌር በፈቃድ ምክንያት ከዲስትሮው ጋር አይመጣም፣ ጫኚው ፓኬጅ ከኢንተርኔት ነው የሚያወርደው፤ ስለዚህ ስልኩን በገመድ መሰካት እዚህ ግዴታ ይሆናል።

ከርነል በራስ መኮምፓይልና ሌሎች ጀብዱዎች

አጭር ነው። ኡቡንቱ ላይ ከዋናው ማከማቻ ውጭ የሚገኙት የ«ሜይንላይን» ከርነሎች ለሙከራ የተዘጋጁ ናቸው፤ ለሴኪዩር ቡት አልተፈረሙም፣ የደኅንነት ዝመናም በራሱ አይመጣላቸውም። ለአንድ ቀን ሙከራ ጥሩ ናቸው። ለዋይፋይ ብሎ በዚያ መኖር ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ራስ ኮምፓይል ማድረግ ደግሞ መማር ለሚፈልግ ሰው ደስ ይላል፣ ኢንተርኔት ለሚፈልግ ሰው አይደለም። «ኤንዲአይኤስራፐር» በሚባለው የዊንዶውስ ድራይቨር ሊኑክስ ላይ ማስኬድ የሚል ምክር ካገኛችሁ የገጹን ዕለት እዩና ዝጉት። የኤክስፒ ዘመን ነገር ነው።

ይሠራል ግን ይቆራረጣል?

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከድራይቨር እድሜ ጋር አይገናኝም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኃይል ቆጣቢው ነው። ኔትወርክ ማናጀር ውስጥ «ዋይፋይ.ፓወርሴቭ» የሚለውን 2 ካደረጋችሁት ይጠፋል፤ ኡቡንቱ 3 አድርጎ ነው የሚያመጣው፣ ይኸውም መቆጠቡን አብርቶ ማለት ነው። ሪልቴክ 8821ሲኢ እና 8822ሲኢ ላይ ይህ ካልበቃ አርቲደብሊው88 የሚባለው ድራይቨር ሁለት ማስተካከያ ይቀበላል፦ «ዲስኤብል-ኤልፒኤስ-ዲፕ» እና «ዲስኤብል-ኤኤስፒኤም»። ባትሪ ትንሽ ይበላሉ። ግንኙነቱ ግን ሊረጋጋ ይችላል። የጫናችሁት አሮጌ ከርነል ከሆነ ግን ማስተካከያ ከመፈለጋችሁ በፊት አድሱት፤ ለነዚህ ቺፖች ብዙ ጥገና ኋላ ላይ ነው የገባው።

ካርዱን መቀየር

ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል። እኔ አላየውም። የፍላሹ ሙከራ አልሠራ ካለ፣ ለቺፑ ያለው ብቸኛ ድራይቨርም የተተወ የጊትሃብ ኮድ ከሆነ፣ ቀጣዮቹን ዓመታት ከሱ ጋር ከመታገል ሌላ ካርድ ይሻላል። ብሮድኮም ላለው አሮጌ ላፕቶፕም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ ይኸው ነው።

ላፕቶፑ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ኢንቴል ኤኤክስ200 ወይም ኤኤክስ210 አይን ጨፍኖ የሚወሰድ ነው። ግን ኤኤክስ201 ወይም ኤኤክስ211 እንዳታመጡ ተጠንቀቁ። ስማቸው በአንድ ቁጥር ነው የሚለየው፣ እነሱ ግን ግማሽ ሥራቸው በኢንቴል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ለዚያ የተሠራ የኢንቴል ማሽን ካልሆነ አይሠሩም። ኤኤምዲ ላይማ ጨርሶ። ከዚያ ቦታውን እዩ፤ አዲሶቹ ካርዶች ኤም.2 ናቸው፣ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ የአንቴናው ገመድ ጫፍም በሁለቱ ላይ መጠኑ ይለያያል። የአንዳንድ አምራቾች የቆዩ ላፕቶፖች ባዮሳቸው ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር ይይዛሉ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ካርድ ስታስገቡ ማሽኑ አልነሳም ይላል። ለሞዴላችሁ ይህ መኖሩን ብሎኑን ከመፍታታችሁ በፊት አጣሩ።

ኢንቴል አንድ ድክመት አለው። ላፕቶፑን በ5 ጊጋኸርዝ ሆትስፖት ማድረግ የሚፈልግ ሰው ይቸገራል፣ ካርዱ የአገሩን የሬዲዮ ሕግ ራሱ እየገመተ መሰራጨት ይከለክላል። ያ ሥራ ያላችሁ ሚዲያቴክ ውሰዱ።

በዩኤስቢ ከሆነ ምርጫዬ ያለ ማመንታት ሚዲያቴክ ነው። ኤምቲ7610ዩ እና ኤምቲ7612ዩ ከ4.19 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አሉ፣ ስለዚህ የቆየ ዲስትሮ ላይ እንኳ ሰክቶ መጠቀም ነው። ዋይፋይ 6 የሚፈልግ ኤምቲ7921ኤዩ ያለበትን ይፈልግ፣ ከርነሉ ግን 5.18 ወይም በላይ ይሁን። ፍጥነት ግድ ለማይሰጠው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ለሚበቃው ሰው ደግሞ ያ የድሮው ኤአር9271 ዛሬም ይሠራል። ሻጩ «ሊኑክስ ይደግፋል» ብሎ ከጻፈ ግን አትደሰቱ፤ ያ ጽሑፍ አንዳንዴ ሲዲ ውስጥ የተቀመጠ ለድሮ ከርነል የተጻፈ ኮድ አለ ማለት ብቻ ነው። የቺፑን ስም ካልነገሯችሁና የእትሙን ቁጥር ማየት ካልቻላችሁ ሌላ ፈልጉ።